ማርክትል አም ኢን፦ ስለ አንዲት የባቫሪያ የወንዝ ዳር ገበያ ከተማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሙኒክ ዘመድ ለመጠየቅ የመጣ ሰው የከተማዋን ዋና አደባባይ ማሪየንፕላትዝን ካየ፣ ኖይሽቫንሽታይን ቤተ መንግሥት ደርሶ ፎቶ ከተነሣ በኋላ "ሌላስ ምን አለ?" ማለቱ አይቀርም። ያኔ አንዱ "የጳጳሱ የበነዲክቶስ 16ኛ ከተማ" ብሎ ማርክትልን ያነሣል። ወዲያው ጥያቄው ይከተላል፤ የት ናት? ምን አላት? መሄድስ ያዋጣል? እዚህ የምመልሰው እሱን ነው። ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማርክትል የት ነው የምትገኘው?

በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ ግዛት፣ ከሙኒክ በስተ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ። የተቀመጠችው ኢን በሚባለው ወንዝ ዳር ነው። የኦስትሪያ ድንበር ቅርብ ነው፤ በመኪና ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የምትተዳደረው በአልቶቲንግ ወረዳ ሥር ሲሆን ነዋሪዋ ከሦስት ሺህ በታች ነው።

አንድ ግር የሚል ነገር አለ። በመንግሥት አስተዳደር የላይኛው ባቫሪያ አካል ናት፤ ያ ማለት ዋና ከተማዋ ሙኒክ ነው። በቤተ ክርስቲያን በኩል ግን የምትጠራው በፓሳው ሀገረ ስብከት ነው። የሀገረ ስብከት ወሰን የጥንቱን መስመር ይዞ ስለቀረ፣ ባቫሪያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መደራረብ ብዙ ቦታ ያጋጥማል።

ከተማ ናት ወይስ መንደር?

ሁለቱም አይደለችም። ባቫሪያ ውስጥ በመንደርና በከተማ መካከል "ማርክት"፣ ማለትም ገበያ፣ የሚባል ማዕረግ አለ። ግዛቱ ካሉት ሁለት ሺህ የሚበልጡ የአካባቢ አስተዳደሮች ውስጥ ከ380 በላይ የሚሆኑት ይህን ስም ይዘዋል። የእኛዋ ማርክትል ደግሞ ስሟም ራሱ "ትንሽ ገበያ" ነው።

ነገሩ ከመካከለኛው ዘመን የመጣ ነው። ያኔ ማንም ተነሥቶ ገበያ ማቆም አይችልም ነበር። መብቱን የሚሰጠው የአገሩ ገዥ ነው። መብቱን ያገኘ ቦታ ሳምንታዊና ዓመታዊ ገበያ ያውላል፤ ሚዛንና መስፈሪያ ይቆጣጠራል፤ ቀረጥ ይሰበስባል፤ በጥቃቅን ጉዳዮች ላይም ይፈርዳል። ከከተማ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ግንብ ስለማያጥር ነው። ከመንደር የሚለየው ደግሞ እጅ ሥራ የሚያውቁ ሰዎችና ነጋዴዎች ሰብሰብ ብለው ስለሚኖሩበት ነው። ሸማኔው፣ ጫማ ሰፊው፣ ቢራ ጠማቂው፣ ዳቦ ጋጋሪው አደባባዩን ከበው ይቀመጣሉ። የዙሪያው ገበሬ ምርቱን ይዞ ወደ እነሱ ይመጣል።

ዛሬ ማዕረጉ ክብር ብቻ ነው። ማርክት ስለተባለ የተለየ ሥልጣንም ገንዘብም አያገኝም። ሰዎቹ ግን በቀላሉ አይለቁትም፤ የማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ፣ ደብዳቤው ላይ፣ መግቢያው ላይ ያለው ቢጫ ሰሌዳ ላይ ሁሉ ይጻፋል። ከንቲባውን በቀጥታ የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፤ ለስድስት ዓመት። ማርክትል ከጎረቤቷ ሽታምሃም ጋር በአንድ የአስተዳደር ማኅበር ሥር ትሠራለች፤ ሁለት ትንንሽ አካባቢዎች የየራሳቸውን ቢሮ ከሚያቆሙ ብለው ወረቀቱን በጋራ ይይዛሉ። ባቫሪያ ውስጥ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ብልህነትም አለው።

ስለ ወንዙ ንገሩን። ኢን ምን ዓይነት ወንዝ ነው?

ለእኔ ማርክትልን የሠራት ጳጳሱ ሳይሆን ወንዙ ነው። ኢን የሚነሣው ከስዊዘርላንድ ተራሮች ነው። በኦስትሪያ ቲሮል አድርጎ፣ ኢንስብሩክን አልፎ፣ ባቫሪያ ይገባና ፓሳው ላይ ከዳኑብ ጋር ይቀላቀላል። ርዝመቱ ወደ 517 ኪሎ ሜትር ነው። ፓሳው ላይ ብትቆሙ የሚገርም ነገር ታያላችሁ፤ የሚገባው ኢን ከዋናው ከዳኑብ የበለጠ ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ስሙን ግን ዳኑብ ወሰደው።

ቀለሙ አረንጓዴና ደብዛዛ ነው። ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ። የበረዶ ግግሩ ድንጋዩን ፈጭቶ እንደ ዱቄት አድርጎ ነው የሚልከው። ደግሞ የሚሞላው በበጋቸው ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ተራራው በረዶውን ሲለቅ። በብርዱ ወራት ረጋ ብሎ ያያችሁት ወንዝ ሙቀት ሲመጣ ሌላ ወንዝ ይሆናል።

ማርክትል አጠገብ ከደቡብ በኩል አልትስ የሚባል ወንዝ ይገባበታል። እሱ ኪምዜ ከሚባለው ትልቅ ሐይቅ ነው የሚወርደው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሃይሚንግ አጠገብ ደግሞ ዛልትሳኽ፣ የዛልትስቡርጉ ወንዝ፣ ይጨመራል። ከዚያ ወደ ታች ያለው የኢን ዳርቻ በወፎቹ የታወቀ ጥብቅ ቦታ ነው።

ድሮ ወንዙ መንገድ ነበር። ከቲሮል ወይንና ማዕድን የጫነ ጀልባ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች እህል የጫነው ወደ ላይ ይወጣል። መውረዱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ግን ጀልባውን በገመድ የሚጎትቱ ፈረሶችን ይጠይቃል። በወንዙ ዳር ያሉት ገበያዎች እንጀራቸው ያ ነበር፤ ፈረሱ ያርፋል፣ ሰውየው ይበላል፣ ዕቃው ይገበያያል። በ1871 ከሙልዶርፍ ወደ ዚምባኽ የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ተከፈተ። የጀልባው ንግድ ዕድሜው ከዚያ በኋላ አልረዘመም።

አሁን ወንዙ መብራት ይሰጣል። ከማርክትል ከፍ ብሎ ፔራኽ ላይ፣ ዝቅ ብሎ ሽታምሃም ላይ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አሉ። ወንዙ በግድቦች ተሰነጣጥቆ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ውሃ ሆኗል ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ መቆጣቱን አልተወም። በ2013 ፓሳው ላይ ውሃው 12.89 ሜትር ደርሶ ነበር። በ2016 ደግሞ እዚህ ቅርብ ያለችው ዚምባኽ በድንገተኛ ጎርፍ ተመትታ ሰው ሞቷል። ያኛው የመጣው ግን ከኢን ሳይሆን ከኋላ ኮረብታ ከሚወርድ ትንሽ ጅረት ነው። እንደዚህ ያለ አገር ትልቁን ወንዝ እያየ ትንሿን ይረሳል።

ታዲያ ለምን ታወቀች?

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ የተወለዱባት ቦታ ስለሆነች። የመጀመሪያ ስማቸው ዮሴፍ ራትዚንገር ነው። የተወለዱት ሚያዝያ 16 ቀን 1927፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ዕለቱ ለካቶሊኮች ቅዳም ሥዑር ነበር። በዚያ ዘመን በሮማ ሥርዓት የትንሣኤው ዋዜማ ጸሎት የሚደረገው ሌሊት ሳይሆን ቅዳሜ ጠዋት ስለነበረ፣ ሕፃኑ በዚያው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተጠመቀ። ውሃው ገና መባረኩ ነበር፤ በአዲሱ ውሃ የመጀመሪያው ተጠማቂ እሳቸው ሆኑ። ቀኑ በረዷማና ብርዳም ስለነበረ ታላቅ እኅታቸው ማሪያና ወንድማቸው ጌኦርግ ጉንፋን እንዳይዛቸው ቤት ቀሩ።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ብናመጣው ሚያዝያ 8 ቀን 1919 ዓ.ም. ይሆናል። በዚያ ዓመት የእኛ ፋሲካ በሳምንት ዘግይቶ ስለዋለ፣ እዚያ ቅዳም ሥዑር ሲሆን እኛ ዘንድ የሆሳዕና ዋዜማ ነበር።

ያደጉትም እዚያው ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ማርክትል የቆዩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። አባታቸው የፖሊስ ጣቢያ አዛዥ ነበሩና ሥራው ይዟቸው ይዞር ነበር። በ1929 በዛልትሳኽ ዳር ወዳለችው ቲትሞኒንግ፣ በ1932 አሻው አም ኢን ወደምትባለው መንደር ሄዱ። በ1937 አባት ጡረታ ሲወጡ ትራውንሽታይን አጠገብ ሰፈሩ። ከእነዚህ ቦታዎች እያንዳንዱ "የእኛም ናቸው" ይላል፤ ያስኬዳል። ትዝታቸው ያለው እዚያ እንጂ ማርክትል አይደለም። ሕፃን በሁለት ዓመቱ ምን ያስታውሳል? እሳቸው ራሳቸው ካደጉ በኋላ ቤት የሠሩት ሬገንስቡርግ አጠገብ ፔንትሊንግ ነው።

ማርክትል የልደትና የጥምቀት ቦታ ናት። ይህንን አውቆ የሄደ አይከፋም። የልጅነት ታሪክ ፍለጋ የሚሄድ ግን ትራውንሽታይንና ቲትሞኒንግ ቢጨምር ይሻለዋል።

ቤቱን ማየት ይቻላል? ምን አለው?

ይቻላል። ቤቱ ያለው አደባባዩ ላይ፣ ቁጥር 11 ነው። ታችኛው ፎቅ ፖሊስ ጣቢያ፣ ላይኛው የቤተሰቡ መኖሪያ ነበር። በጳጳሱ ዘመን አንድ መንፈሳዊ ድርጅት ገዝቶት፣ ታድሶ በ2007 ለጎብኚ ተከፈተ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወርቅና ጌጥ የምትጠብቁ ከሆነ አትሂዱ። የአንድ የመንደር ፖሊስ ቤት ነው። ስለ ሕይወታቸውና ስለ ጽሑፎቻቸው የሚናገር ዐውደ ርእይ አለ፤ የተወለዱበት ክፍል አለ። ያ ነው። እኔ የወደድኩት ያንን ቀላልነቱን ነው። ከቤቱ ወደ ቅዱስ ኦስዋልድ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት እርምጃ ነው፤ የተጠመቁበት ገንዳ እዚያ ነው። የገንዳው ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። በ1960ዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ አሮጌ ነው ተብሎ ወጣ። ለብዙ ዓመት እንደ ማንኛውም ያረጀ ዕቃ ውጭ ቆየ፤ በኋላ የከተማዋ ሙዚየም ገባ። ሰውየው ጳጳስ ሲሆኑ ግን በ2006 ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሰ።

አደባባዩ ላይ ደግሞ ከአራት ሜትር የሚበልጥ የነሐስ ዓምድ ቆሟል፤ የተጠቀለለ ብራና ይመስላል። ለበነዲክቶስ መታሰቢያ የተሠራ ነው።

ቤቱ በብርድ ወራት ይዘጋል። ከፋሲካ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ መሄድ ይሻላል፤ የመክፈቻውን ሰዓት ግን ሳታረጋግጡ አትነሡ። ብዙዎች ዝግ በር ፎቶ አንሥተው ተመልሰዋል።

ጳጳስ ከሆኑ በኋላ ተመልሰው ነበር?

አንዴ፣ ለአጭር ጊዜ። መስከረም 11 ቀን 2006። በዚያ ቀን አልቶቲንግ ላይ ትልቅ ቅዳሴ ነበር፤ ማታ ላይ ማርክትል ገብተው የተጠመቁበት ገንዳ ፊት ቆሙ፤ ከዚያ ወደ ሬገንስቡርግ ሄዱ። በማግሥቱ ሬገንስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያደረጉት ንግግር በሙስሊሙ ዓለም ቁጣ ስላስነሣ፣ ዓለም ያን ጉዞ የሚያስታውሰው በንግግሩ ነው። ማርክትሎች ግን በማታዋ ያስታውሱታል።

ዝናው ለከተማዋ ጠቀማት?

መጀመሪያ ላይ እንዴት አድርጎ! ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ከቫቲካን መመረጣቸውን የሚያበስረው ነጭ ጭስ ሲወጣ ከሦስት ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያላት ቦታ በካሜራ ተጥለቀለቀች። ከዚያ አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ። የጳጳስ ቢራ፣ የቫቲካን ዳቦ፣ የጳጳስ ኬክ ወጣ። በየሱቁ ሻማና ስኒ በፎቶአቸው ተሸጠ። የጊዜውን ትኩሳት ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ፤ በዚያው ጸደይ፣ ቀድሞ በካርዲናል ራትዚንገር ስም የተመዘገበ አንድ ያገለገለ ፎልክስቫገን ጎልፍ ኢቤይ ላይ ወጥቶ ከ188 ሺህ ዩሮ በላይ ተሸጧል። የገዛው የኢንተርኔት ቁማር ቤት ነው!

ትኩሳት ግን ይበርዳል። በየካቲት 2013 በነዲክቶስ ሥልጣን እንደሚለቁ ሲናገሩ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለዘመናት አልታየም ነበርና ዓለም ተደናገጠ። ማርክትልም ከዚያ በኋላ ያ ግርግር የለባትም። ታኅሣሥ 31 ቀን 2022 በ95 ዓመታቸው ሲያርፉ ካሜራው ለጥቂት ቀን ተመልሶ ነበር።

በእኔ አስተያየት ከተማዋ በደንብ ተይዛለች። ትልቅ ሆቴል አልተደረደረባትም፤ አደባባይዋ ወደ መዝናኛ ፓርክ አልተለወጠም። ዛሬ ስትሄዱ ሰው ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ፣ ተማሪ ብስክሌቱን ሲያስደግፍ ታያላችሁ። ቅርሳ ቅርስ ሻጩ ጥቂት ነው፤ ተመስገን ነው።

በበነዲክቶስ ላይ የሚነሣው ቅሬታስ?

መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። በጥር 2022 ስለ ሙኒክ ሊቀ ጳጳስ ሀገረ ስብከት አንድ የሕግ ቢሮ ያወጣው ዘገባ፣ ራትዚንገር ከ1977 እስከ 1982 እዚያ ሊቀ ጳጳስ በነበሩ ጊዜ በሕፃናት ላይ ጥቃት ያደረሱ ካህናትን በሚመለከቱ አራት ጉዳዮች ላይ ተገቢውን አላደረጉም ብሏል። እሳቸው በየካቲቱ ደብዳቤያቸው የተጎዱትን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ጥፋት ሸፍነዋል የሚለውን ግን አልተቀበሉም።

ነገሩ ለዚህ አካባቢ ሩቅ ወሬ አይደለም። በዚያ ዘገባ በሰፊው የተነሣው አንድ ካህን በ1986 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ፣ ከዓመት በኋላ እዚሁ ወረዳ ውስጥ ባለችው ጋርሺንግ አን ደር አልትስ ተመድቦ እስከ 2008 ድረስ አገልግሏል። ምእመናኑ አልተነገራቸውም ነበር። ስለዚህ ማርክትል ውስጥ ሽማግሌ አግኝታችሁ ስለ ጳጳሱ ስትጠይቁ ኩራትና ኀዘን የተቀላቀለበት መልስ ብትሰሙ አትደነቁ። ቤቱን ብቻ አይቶ ይህን ሳይሰማ የሚመለስ ጎብኚ ግማሹን ነው የሰማው።

ብራውናው ቅርብ ነው የሚባለውስ?

እውነት ነው። ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄዱ፣ ከዚምባኽ ማዶ፣ ኦስትሪያ ውስጥ ብራውናው አም ኢን አለች። አዶልፍ ሂትለር በ1889 የተወለደው እዚያ ነው። በአንድ ወንዝ ላይ፣ በዚህ ቅርበት፣ ዓለም የሚያውቃቸው ሁለት የልደት ቤቶች።

አንዷ ታሳያለች፤ ሌላዋ መደበቅ ትፈልጋለች። የብራውናው ቤት ስም የለበትም። ከፊቱ በ1989 የቆመ ድንጋይ ብቻ አለ፤ ከማውትሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ የመጣ፣ ፋሺዝም ዳግም እንዳይመጣ የሚል ጽሑፍ ያለበት። የኦስትሪያ መንግሥት ቤቱን ወርሶ፣ የናዚ አምላኪዎች መሰብሰቢያ እንዳይሆን ፖሊስ ጣቢያ ይሁን ብሎ በ2019 ወሰነ፤ ግንባታው በ2023 ተጀመረ። እንግዲህ እዩት፤ ማርክትል ላይ የፖሊስ ቤት የነበረው ሙዚየም ሆነ፤ ብራውናው ላይ ሙዚየም እንዳይሆን የተፈራው ፖሊስ ጣቢያ እንዲሆን ተወሰነ።

ነዋሪው በምን ይተዳደራል?

በቱሪዝም አይደለም። አካባቢው "የኬሚካል ሦስት ማዕዘን" ይባላል። ቡርክሃውዘን ውስጥ በ1914 የተመሠረተው ዋከር ኬሚ ትልቁን ፋብሪካውን ይዟል፤ ለሶላርና ለኮምፒውተር ቺፕ የሚሆን ሲሊኮን ያመርታል። ጌንዶርፍ ሌላ የኬሚካል መንደር አለው። ፋብሪካዎቹ እዚህ የመጡት ለወንዞቹ ነው፤ ኬሚካል ብዙ መብራት ይበላል፣ የአልፕስ ውሃ ደግሞ መብራት ይሰጣል። ብዙ ሰው እዚያ እየሠራ በየትናንሾቹ ገበያ ከተሞች ያድራል። እርሻውም አለ፤ በቆሎ፣ ስንዴ፣ የወተት ላም።

የኬሚካሉ ሌላ ገጽታም አለ። ከጌንዶርፍ የወጣ ፒኤፍኦኤ የሚባል የማይበሰብስ ኬሚካል በወረዳው አፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ተገኝቶ፣ ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ማቆም ግድ ሆኗል። የሰው ደምም ተመርምሯል። ሥራውን ሳይጠሉ ውሃውን መጠርጠር የእዚህ አገር ሰው የየቀን ኑሮ ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ከከተማዋ ጋር የለም፤ አለ ብዬ አላጋንንም። ከሰውየው ጋር ግን አለ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2009 ሁለት ጊዜ ቫቲካን ሄደዋል። በሰኔ ከበነዲክቶስ ጋር ተገናኙ፤ በጥቅምት ደግሞ ስለ አፍሪካ በተደረገው ሲኖዶስ ላይ በእሳቸው ፊት ንግግር አደረጉ። በነዲክቶስ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የኖሩበት የቫቲካን ግቢ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጳጳሳዊ የኢትዮጵያ ኮሌጅ በዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች ያርፉበት የነበረው ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንም እዚያው አለ።

እንዴት ነው የሚኬደው?

በባቡር ከሙኒክ ተነሥታችሁ ሙልዶርፍ ላይ ትቀይራላችሁ፤ ከዚያ ወደ ዚምባኽ የሚሄደውን ይዛችሁ ማርክትል ትወርዳላችሁ። ከመጠበቁ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል አስቡ። ወርሃዊው የዶይችላንድ ቲኬት ያላችሁ ሌላ አትከፍሉም። ለቤተሰብ ወይም ለጓደኛ ቡድን የባየርን ቲኬት ያዋጣል፤ እስከ አምስት ሰው በአንድ ወረቀት ይሄዳል። በሥራ ቀን ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይሠራም፤ ማልዶ ወጥቶ የተቀጣ ሰው ሞልቷል። በመኪና ከሆነ ከሙኒክ ወደ ፓሳው የሚሄደው ኤ94 አውራ ጎዳና ነው።

ከኢትዮጵያ የምትመጡ ለጀርመን የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ብራውናው ልሻገር የምትሉ፣ ኦስትሪያም ሼንገን ውስጥ ስለሆነች ቪዛው ይሠራል፤ ፓስፖርቱን ግን ቤት ትታችሁ እንዳትሄዱ፤ በዚህ ድንበር ፖሊስ ያስቆማል።

ምን ይበላል? ለጾመኛስ?

ባቫሪያ ሥጋ ነው። ነጭ ቋሊማ፣ ሌበርኬዝ የሚሉት የተፈጨና የተጋገረ ሥጋ፣ የአሳማ ጥብስ ከድቡልቡል ድንች ጋር። ቢራው ጥሩ ነው፤ ስለ እሱ አልከራከርም።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ግን ተጠንቀቁ። የድንች ሰላጣው ምንም የሌለበት ይመስላል፤ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ በሥጋ መረቅ ነው የሚሠራው። ብሬትስን የሚሉት የተጠማዘዘ ዳቦም አንዳንዱ የአሳማ ስብ ይገባበታል። "ፌጋን ነው?"፣ ማለትም ከእንስሳ የተገኘ ነገር የለበትም ወይ፣ ብሎ መጠየቅ አሁን ማንንም አያስገርምም። አለበለዚያ ስንቅ መያዝ፤ ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ የሚበላ ድርቆሽ ከሬስቶራንቱ ሜኑ ይሻላል።

እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ዳቦ ቤት ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ቢከፍት ነው። ሲገቡ "ግሩስ ጎት" ማለት ያስከብራል፤ በርሊን የለመዳችሁት "ሃሎ" አይከፋም፣ ግን ይህኛው ፊት ያስፈታል።

ልጆች ይዘን ብንሄድስ?

ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ልጅን ከግማሽ ሰዓት በላይ አይዙም። በሙቀት ጊዜ ዋና የሚዋኝበት ሐይቅ አለ፤ ወደዚያ ውሰዷቸው። ኢን ውስጥ ግን አታስገቧቸው፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ፍሰቱም ኃይለኛ ነው፤ ጸጥ ያለ ሲመስል እንኳ።

ብስክሌት ለሚችሉ ደግሞ ከስዊዘርላንድ እስከ ፓሳው የሚወርደው የኢን ብስክሌት መንገድ በዚህ ያልፋል፤ ሜዳማ ነው። ጠንካሮች 248 ኪሎ ሜትር የሚዞረውን የበነዲክቶስ መንገድ ይሞክራሉ። ከአልቶቲንግ ተነሥቶ ማርክትልን፣ ቡርክሃውዘንን፣ ቲትሞኒንግንና ትራውንሽታይንን ያካልላል።

ማርክትል በሁለት ሰዓት ካለቀችብኝ፣ የቀረውን ቀን ምን ላድርግ?

ታልቃለች፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ አስቡበት። ሁለት ምርጫ አለ፤ ሁለቱም በ15 ኪሎ ሜትር ውስጥ ናቸው።

አልቶቲንግ የባቫሪያ ትልቁ የማርያም ሐጅ ቦታ ናት። በመካከሏ ያለው ትንሽ ስምንት ማዕዘን ጸሎት ቤት ውስጥ ጥቁሯ ማርያም አለች። ከ1489 ጀምሮ ሰው ለስእለት ይመጣል። ጸሎት ቤቱን ዞሮ ያለው በረንዳ ግድግዳው ሙሉ በስእለት ሥዕል ተሸፍኗል፤ ከፈረስ የወደቀ፣ ከእሳት የተረፈ፣ ከምጥ የዳነች። አንዳንዱ ተሳላሚ የእንጨት መስቀል ትከሻው ላይ አድርጎ ይዞራል። ስእለት ማስገባት የምናውቅ ሰዎች ቋንቋውን ባንችልም እንግባባበታለን። ውስጥ ግድግዳው ላይ የባቫሪያ ገዥዎች ልብ በብር ዕቃ ተቀምጧል፤ የኖይሽቫንሽታይኑ የንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ ልብ ጭምር። በነዲክቶስም በ2006 የሊቀ ጳጳስነት ቀለበታቸውን ለዚህች ማርያም ትተው ሄደዋል።

ቡርክሃውዘን ሌላ ጠባይ አላት። ከዛልትሳኽ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የተዘረጋው ግንብ 1,051 ሜትር ይረዝማል፤ በዓለም ረጅሙ ተብሎ ተመዝግቧል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር የሚሄዱበት ነው፤ ግቢውን ማለፍ ገንዘብ አይጠይቅም። ከላይ ሲያዩት ማዶ ኦስትሪያ ነው፣ ሥር የቀለማት ቤቶች ያሉበት አሮጌ ከተማ፣ ከጀርባ ደግሞ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ።

እኔ ምረጥ ብትሉኝ፣ እናቴን ይዤ ከሆነ አልቶቲንግ፣ ጓደኛ ይዤ ከሆነ ቡርክሃውዘን። በመኪና ካልሆናችሁ የመመለሻ አውቶቡሱን ሰዓት በተለይ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ላይ እዩት፤ ማታ ላይ በጣም ይራራቃል።